ያልተቆጠረው ዝላይ

ዮተቦሪ፣ ስዊድን
ኖቬምበር 9 ቀን 2003

ይድረስ ለእትዬ ዙምረታ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አላህ ጤናውን፣ ዕድሜውንና የሞቀ ቤቱን አይንሳሽ እላለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ብርዱ እንደ ፊቱ ነው፣ ሥራውም እንደ ፊቱ ነው፣ የምነዳውንም አውቶቡስ እስካሁን አልገለበጥኩትም። የእናንተ ተራራ ኢግማን አሁን አናቱ ነጭ ሆኖ ይሆናል።

ስንት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ከየት ብቅ እንዳልኩ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፤ አንቺ ነገር ሲንዛዛ አትወጂም። ልጄ ሚኔላ አሥራ አራት ዓመት ሞላት። ትምህርት ቤት ስለ ቤተሰባችሁ ተናገሩ ሲባሉ ብድግ ብላ፣ «አባቴ በሰማንያ አራቱ የሳራዬቮ ኦሎምፒክ ከመዝለያው ላይ በበረዶ ሸርተቴ ዘሏል» አለች። በማግሥቱ አንዱ የክፍሏ ልጅ የውጤቱን ዝርዝር ከኮምፒውተር አውጥቶ መጣ። ከአንደኛው እስከ መጨረሻው ስሜ የለም። ክፍሉ ሳቀ። አስተማሪዋ ደግሞ አዝና፣ «ምናልባት አባትሽ አይቻለሁ ነው ያለሽ፣ ተሳስተሽ ሰምተሽው ይሆናል» አለቻት። ያቺ «ምናልባት» ናት አንጀቴን የቆረጠችው።

ሞካሪ ዘላይ እንደነበርኩ አስረዳኋት። ተወዳዳሪዎቹ ከመዝለላቸው በፊት ነፋሱ ይጥል እንደሆነ፣ ማረፊያው ይይዝ እንደሆነ ሊሞክር ቀድሞ የሚዘል ሰው አለ፤ እሱ ሳይዘል ማንም አይዘልም፤ የእሱ ግን አይለካም፣ ስሙም አይጻፍም አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ባቦ፣ ያልተቆጠረ ነገር እንዴት ነው የሚታመነው?» ከዚያ ቀን ወዲህ እራት የምትበላው እኔ ከማዕድ ከተነሣሁ በኋላ ነው።

ምን ላሳያት? ጃኬቴም፣ ፎቶግራፎቼም፣ የሰጡኝም ወረቀት ከቤታችን ጋር ተቃጥሏል። ስለዚህ ቆርጫለሁ። በፌብሩዋሪ ሃያኛው ዓመት ሲሞላ እሷን መኪና ውስጥ አስገብቼ፣ እስከ ጀርመን በመርከብ፣ ከዚያ በኋላ በጎማ እመጣለሁ። እዚያው ኢግማን ተራራ ላይ፣ ማሎ ፖልዬ፣ መዝለያው ሥር አቆማታለሁ። አንቺ አጠገቧ ቆመሽ ያየሽውን ትነግሪያታለሽ። ያን ቀን የማረፊያውን በረዶ በእግራቸው ከረገጡት ሴቶች አንዷ አንቺ ነሽ። ስዘል ካዩኝ ሰዎች በሕይወት መኖሯን የማውቀው አንቺን ብቻ ነው።

የጎደለሽን ጻፊልኝ፤ መኪናው ሰፊ ነው።

ወንድምሽ ኔርሚን


ህራስኒጻ፣ ሳራዬቮ
ኖቬምበር 28 ቀን 2003

ለኔርኮ፣

ኔርሚን ብለህ ብትፈርምም ለእኔ ያው ኔርኮ ነህ፤ ሰላምታዬ ከነቁጣዬ ይድረስህ። አላህ ልጅህን ያሳድግልህ፤ አንተን ግን ያሳደገህ አይመስልም፤ አሁንም እንደ ጎረምሳ ትቸኩላለህ። የአባቶቻችን አያት አንድ ነው፤ ዝምድናችን ከሩቅ ነው ብትል እሺ። ግን በአንድ ጓሮ ነው ያደግነው። የእኔን ፕለም ሰርቀህ በልተህ ተቅማጥ የያዘህ ልጅ አራት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር አይጽፍም?

ይሁን፤ አሁን ስለ ልጅቷ። አምጣት። ዓይኗን ልየው። ጎመንና አይብ የተጠቀለለበት ፒታ እጋግርላታለሁ፤ በልታ ስትጠግብ ወጥ ቤቴ ውስጥ አስቀምጬ አንድም ሳላስቀር እነግራታለሁ። በዚያ ሳምንት በረዶው እንዴት እንደወረደ፣ በረዶ የሚደለድለው ማሽን ቁልቁለቱን መውጣት አቅቶት ከስፌት ፋብሪካችን በአውቶቡስ ጭነው እንደወሰዱን እነግራታለሁ። ክንድ ለክንድ ተቆላልፈን፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን፣ ጎን ለጎን እየተራመድን ነው የረገጥነው። አንዷ «ግራ!» ስትል ሁላችንም ግራ፣ «ቀኝ!» ስትል ቀኝ። ማንም ከማንም አይቀድም፤ አንዷ ከቀደመች ጉድጓድ ይቀራል፣ ጉድጓድ ከቀረ ደግሞ የሰው ልጅ አንገት ይሰበራል። ከዚያ ወደ ዳር ውጡ አሉን፤ አንተ ከላይ መጣህ። ጆሮህ ከኮፍያህ ሥር ቲማቲም መስሎ ነበር። ሴቶቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ አልጨፈንኩም።

ይህን ሁሉ እነግራታለሁ። ተራራው ላይ ግን አልወጣም። መንገዱ መስታወት ነው፤ ጫካው ከጦርነቱ የቀረ ፈንጂ ነው፤ የማስጠንቀቂያውንም ምልክት በረዶ ውጦታል። ለመሆኑ ምን ሊታይ? ሲሚንቶው በጥይት ተበሳስቷል፣ ከመዝለያው ማማ ሥር ዛፍ በቅሏል። የውጭ ሰዎች እየመጡ ፍርስራሹ ፊት ፎቶ ይነሡና «ያሳዝናል» ብለው ይሄዳሉ። እኔ የማንም ማሳዘኛ አይደለሁም።

ለስፌት መኪናዬ የወፍራም ጨርቅ መርፌ አምጣልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ዙምረታ


ዮተቦሪ
ዲሴምበር 14 ቀን 2003

ለእትዬ ዙምረታ፣

ቁጣሽ በሰላም ደርሶኛል፣ ከእሱም አላህ አይለየኝ። ሳነበው እንደ ልጅነቴ ጆሮዬን ነው የያዝኩት።

ግን በወጥ ቤት አይሆንም እትዬ። ወጥ ቤት ውስጥ ሁሉም ዘላይ ነው። እዚህ የእኛ ሰዎች ክበብ ብትመጪ፣ ሁለት ብርጭቆ ራኪያ ከወረደ በኋላ ያልዘለለ ወንድ አታገኚም። ሚኔላ ይህን ታውቃለች። የውጤቱን ዝርዝር አትማ አልጋዋ ራስጌ ለጥፋዋለች። ሳሎን ውስጥ ሳልፍ አትሰድበኝም፣ አትቆጣም፤ ታየኛለች። ሰው ልጁ ፊት ሲያንስ ምን እንደሚመስል ልነግርሽ አልችልም። እንዲሁ ደግሞ አንሼ አልቀርም!

አንቺ ወጣሽም አልወጣሽም እኔ እወጣለሁ። ማማው ላይ እስከ መነሻው ድረስ፣ በዚህ በተበላሸ ጉልበቴ። ደረጃው ቢሰበር ከነስብራቴ እወጣለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስሜ አልተጻፈም ብዬ አልተከፋሁም፤ ሥራው እንደዚያ ነው። አልነበርክም ስባል ግን አልቀበልም።

ለምን እንደማትወጪ አውቃለሁ። አንቺ ካላነሣሽው ስሙን እኔ አላነሣም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ብትቆጪም ተቆጪ፦ ያን ተራራ ለማን ነው የተውሽው? ለተኮሱበት ሰዎች?

መልስሽን እጠብቃለሁ።

ኔርሚን


ህራስኒጻ
ጃንዋሪ 20 ቀን 2004

ኔርሚን፣

ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። መልስ የዘገየው ፖስታ ቤቱ ስለዘጋ አይደለም። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ ምድጃው አፍ ላይ አድርሼ መለስኩት።

ስሙን አላነሣም አልክ። እኔ አነሣዋለሁ፤ ባሌ ነው። ሂልሞ።

አንተ በዘጠና ሁለት ወጥተህ ሄደሃልና ያላየኸውን ልንገርህ። ከተማው ተከቦ ነበርና ዱቄት የሚመጣለት በኢግማን በኩል ነበር። መኪኖቹ መብራት ማብራት አይችሉም፤ አንዲት መብራት ከታየች ከማዶ ይተኩሳሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ጀርባው ላይ ነጭ ጨርቅ አስሮ ፊት ፊት በእግሩ ይሄዳል፤ ሾፌሩ ጨርቁን እያየ ይከተለዋል። ያ ሰው ሂልሞ ነበር። ማንም አላዘዘውም። መካኒክ እንጂ ወታደር አልነበረም። ጨርቁን የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ ከሠርጌ አንሶላ ቀድጄ። በመጨረሻው ጉዞ ዱቄቱ ደረሰ፣ እሱ ሳይመለስ ቀረ። ወታደር አይደለም ተብሎ ለተሰዉት በቆመው ሐውልት ላይም ስሙ የለም።

እውነቱን ላውጣው? የተጣላሁት ከተራራው ጋር አይደለም። ከእሱ ጋር ነው። ማን ፊት ሂድ አለው? ሌላ ወንድ ጠፍቶ ነው? ይኸው አሥር ዓመት አለፈ፤ ሰው አልቅሺ ይለኛል፣ እኔ ግን እናደዳለሁ። መስኮቴን ስከፍት የሚታየኝ ያ ተራራ ነው፤ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምሰፋው። አንተ ቮልቮህ ውስጥ ማሞቂያህን ከፍተህ ለማን ተውሽው ትለኛለህ! አፍህን ቆርጦ አይጥለውም?

የመርፌውን ነገር ተወው። የበረዶ ጫማ አምጣ፣ ቁጥር ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሶሉ የማያንሸራትት። ለማን እንደሆነ አትጠይቅ።

ዙምረታ


ፊላኽ፣ ኦስትሪያ
ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2004

ለእትዬ ዙምረታ፣

አላህ ይጠብቅሽ፣ እኛንም ከዚህ በረዶ ያውጣን። ይህን የምጽፈው ከአንድ የነዳጅ ማደያ ምግብ ቤት ነው። ምናልባት ከደብዳቤው በፊት እኛ እንደርሳለን፤ ቢሆንም በአፌ ልነግርሽ የማልችለው ነገር ስላለ እጽፋለሁ።

ሙኒክ ስንደርስ ሚኔላ «እዚህም ኦሎምፒክ ነበር አይደል? እንየው» አለች። ከመርከቡ ከወረድን ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ገባን። ስታዲየሙ እንደ አዲስ ሙሽራ ተጠብቋል፤ ቲኬት ይቆረጣል፣ ቋሊማ ይሸጣል፣ የአሸናፊዎች ስም ያለበት ሰሌዳም አለ። እሷ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ዞር ብላ፣ «ያንተ ሰሌዳ የት ነው?» አለችኝ። ለማሾፍ አልነበረም፤ የእውነት ነው የጠየቀችኝ። ቋሊማ ገዛሁላት።

እትዬ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ክፉ ሐሳብ ይዞኛል። መሪውን ይዤ እየነዳሁ፣ «እንዴ፣ ምናልባት አልዘለልኩም ይሆን?» እላለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ያላነሣው፣ የትም ያልተጻፈ፣ አንዲት ወረቀት የሌለው ነገር! አልሜው ቢሆንስ? የአስተማሪዋ «ምናልባት» እኔም ውስጥ ገብታለች። ካንቺ አፍ ካልሰማሁ በቀር አትወጣልኝም። እንግዲህ የምመጣው ለልጄ ብቻ አይደለም።

ጫማሽ ኋላ ወንበር ላይ ነው። ሌላ ጥንድም ገዝቻለሁ፣ ቁጥር ሠላሳ ስምንት። ለማን እንደሆነ አንቺም አትጠይቂ።

ኔርሚን


ህራስኒጻ
ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2004

ለወንድሜ ለኔርኮ፣

በደህና እንደገባችሁ ሰምቼ አመሰገንኩ። አላህ መንገዳችሁን እንዳቀናው ልባችሁንም ያቅናው። ከኦስትሪያ የላክኸው ደብዳቤ የደረሰኝ ትናንት ነው፤ አንተ መጥተህ፣ በልተህ፣ ተኝተህ፣ ከሄድክ በኋላ! ባነበውማ ኖሮ ደጄ ላይ ስትደርስ በመጥበሻ ነበር የምቀበልህ። አልሜው ይሆን? አንተ ጅል! በእነዚህ ሁለት ዓይኖቼ አይቼሃለሁ። ዘለህ፣ በሁለት እግርህ ቆመህ ወርደሃል። ይኸው በጽሑፍ ሰጠሁህ። አሁን ወረቀት አለህ፤ ከፈለግህ ራስጌህ ለጥፈው።

ማማው ላይ ስትወጣ ከታች የሆነውን አልነገርኩህም። ዛሬ ልንገርህ።

አንተን «ደረጃው በስብሷል፣ ተመለስ!» እያልኩ ስጮህ ልጅቷ ከመኪናው ወርዳ ፎቶ ልታነሣ ወደ ጥዱ ሄደች። ከአስፋልቱ ወጥታ! የእኛ ልጅ ብትሆን ገና ዳዴ ስትል ጀምሮ አስፋልት ለቀሽ አትሂጂ እየተባለች ታድግ ነበር፤ የአንተዋ ግን የት ታውቀዋለች? ጮህኩባት። እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። እንደ ምሰሶ ቀጥ አለች። «አትዙሪ! በመጣሽበት ዱካ፣ ወደ ኋላ፣ በገዛ ጉድጓድሽ!» አልኳት። አንድ በአንድ እየረገጠች ተመለሰች። ከዚያ እኔ ራሴ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ እሷ ናት ያነሣችኝ።

ቋንቋችንን እንደ ደረቅ ዳቦ ነው የምታኝከው፤ ቢሆንም ገባኝ። «ቁልቁለቱስ? እሱም ፈንጂ አለው?» አለች።

«ቁልቁለቱ ተጠርጓል። ልጆች ይንሸራተቱበታል ይባላል።»

«ይባላል?»

«ከጦርነቱ ወዲህ እኔ ረግጬው አላውቅም።»

«ታዲያ እዚህ እንቁም፣ ቴትካ» አለችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። ፈርታለች። እኔም ፈርቼ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ግን ያን ማረፊያ በአሥር ሜትር ርቀት ቆሜ ሳየው ደሜ ፈላ። በእግሬ ያስተካከልኩት ቁልቁለት ነው እኮ! በገዛ አገሬ፣ በገዛ ሥራዬ ዳር ላይ እንደ ለማኝ ልቁም?

«እኔ ፊት እሄዳለሁ፤ አንቺ ዱካዬን ብቻ እየረገጥሽ ተከተይኝ» አልኳት።

«ለምን አንቺ ፊት?»

«አንድ ሰው ፊት መሄድ አለበት» አልኩ።

ኔርኮ፣ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ይህ የእኔ ቃል አይደለም። ሂልሞ በሩ ላይ ቆሞ ጨርቁን ሳስርለት፣ ለምን አንተ ስለው፣ ሁልጊዜ የሚለኝ እሱን ነበር። «አንድ ሰው ፊት መሄድ አለበት፣ ዙምረታ።» አሥር ዓመት ሙሉ የማይረባ መልስ ነው ብዬ ስናደድበት ኖርኩ። ለካ ሌላ መልስ የለውም። እዚያው በረዶው ላይ አለቀስኩ፤ ግን እየሄድኩ ነው ያለቀስኩት፣ አልቆምኩም።

መሐል ስንደርስ ልጅህ ዞር ብላ መዝለያውን አየችው። ያን ሁሉ ከፍታ። አንተ ገና ግማሽ ደረጃ ላይ ነበርክ፣ ጉንዳን አክለህ።

«ባቦ ይሄን ነው የሠራው? አሁን አንቺ የሠራሽውን?»

«ይሄንኑ። እሱ በአየር ላይ።»

«ስንት ሜትር ዘለለ?»

«ማንም አልለካውም። ወረደ፣ እጁን አነሣ፣ ከዚያ ሌሎቹ መጡ።»

ከዚያ የሂልሞ ስም የት እንደተጻፈ ጠየቀችኝ። በመኪና ውስጥ ታሪኩን ነግረሃት ኖሯል። የትም፣ አልኳት። «እንጻፈው» አለች። ሐሳቡ የእሷ ነው፤ የእኔ መስሎህ አመስግነኸኛል፣ ምስጋናህን መልሼልሃለሁ። ክንዴን ቆለፈችው። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ እያልኩ አስተማርኳት፤ ፊደሎቹን ከቤት ወለል እንዲሰፉ አድርገን ረገጥናቸው። የሂልሞን ስም ስንጨርስ የአንተን ልጀምርላት ስል ክንዴን ለቀቀችኝ። «ይሄኛውን ብቻዬን» አለች። ኔርሚን የሚለውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሷ ናት የረገጠችው፤ እኔ አንድ እግር አላሳረፍኩበትም። የመጨረሻዋን ፊደል አጣማታለች።

አንተ ያን ጊዜ ጫፍ ደርሰህ ወደ ታች አየህ። የሆነ ነገር ጮህክ፣ ነፋሱ ወሰደው። ስትወርድ ዓይንህ ቀልቷል፤ ነፋስ ነው አልክ። እሺ፣ ነፋስ ነው።

እናንተ በሄዳችሁ በማግሥቱ በረዶ ጥሎ ሸፈነው። ደንታዬም አይደል! ባለፈው ቅዳሜ ከፋብሪካው የቀሩትን ሴቶች ሰብስቤ ወጣሁ። ሻሂንዳ ወገቧን እያመማት፣ ሙኔቬራ እየተራገመች መጡ። ደግመን ረገጥነው፣ ሁለቱንም ስም። አንድ ሽማግሌ ከመንገዱ ዳር ቆሞ፣ «ሴቶች፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?» ቢለን፣ ሻሂንዳ «ሥራችንን» አለችው። ሲሸፈን እንደገና እንወጣለን። ሲቀልጥ ደግሞ ክረምቱን እንጠብቃለን።

የስፌት መኪናዬን አዙሬዋለሁ፤ አሁን ፊቴን ወደ መስኮቱ አድርጌ ነው የምሰፋው።

ለሚመጣው ክረምት ምንም እንዳታመጣልኝ። ልጅቷን ብቻ አምጣት። የበረዶ ጫማዋ ደጃፌ ላይ ነው፣ ከእኔው ጎን ቆሟል። ረስታው መስሎህ በፖስታ ላኪልን ብለህ እንዳትጽፍ፤ ስትወጣ አውልቃ፣ አስተካክላ፣ ራሷ ናት ያስቀመጠችው።

እትዬህ ዙምረታ